የማዳም አቺያ ጥቁር ስክሪን

ኒያርኮ የሱቋ በር ላይ ሲቆም፣ አዪንፖካ ሁለት ብሎን በከንፈሯ ይዛ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሳ ነበር። ጥላው እጇ ላይ ሲያርፍ ቀና አለች። ሰባት ወር ሙሉ «ያገኘሁት ቀን እንዲህ እለዋለሁ» እያለች ንግግር ስታዘጋጅ ከርማለች። ቀኑ የደረሰው ግን አፏ በብሎን ተይዞ ሳለ ነው።

«ደህና ነሽ፣ ፖካ?»

በመላው ኩማሲ ስሟን እንዲህ አሳጥሮ የሚጠራት እሱ ብቻ ነው። ልቧ እስኪረጋ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አውጥታ መዳፏ ላይ ደረደረች።

«ምን ተበላሸብህ?» አለችው፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

«የእማዬ ኮምፒውተር ነው። የትምህርት ቤቱ። ይበራል፣ ማራገቢያውም ይዞራል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ድርግም ያለ ጨለማ! ትናንት ከመሀል ከተማ፣ ከአዱም ያመጣችው ባለሙያ ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ውስጡ ያለውም አብሮ ሄዷል ብሏት ሄደ።» «የመጨረሻ ክፍል ልጆች የፈተና ምዝገባ እዚያ ውስጥ ነው። የሰማንያ አራት ልጆች ስም፣ ፎቶ፣ ሁሉ ነገር። መዝጊያው ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ነው።»

«እናትህ ናቸው የላኩህ?»

«አይደለችም። እሷማ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እንደምመጣም አልነገርኳትም።»

አዪንፖካ እጆቿን በጨርቅ ጠረገች። አይኖቹን ላለማየት ሸሚዙን አየች። ሁለተኛው ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። ራሱ እንደሰፋው አወቀች፤ ማወቋ ደግሞ አናደዳት።

ከሁለት ዓመት በፊት ያገኛት ያንኑ አንድ የኮምፒውተር ኪቦርድ ሦስት ጊዜ «ተበላሸ» እያለ በማምጣት ነበር። በሦስተኛው ቀን «መምህር፣ ይህ ነገር ከእኔም ከአንተም የበለጠ ጤነኛ ነው» ስትለው፣ «አውቃለሁ፤ የታመምኩት እኔ ነኝ» አላት። እሱ በእናቱ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ ስማቸው የታወቀ የአሻንቲ ቤተሰብ ልጅ ነው። እሷ የፍራፍራ ልጅ ናት፤ አባቷ በሰሜን፣ ቦልጋታንጋ አካባቢ ማሽላና ሽንኩርት ያርሳሉ። በአስራ ስድስት ዓመቷ ወደ ኩማሲ ወርዳ፣ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሽማግሌ እግር ስር ቁጭ ብላ ነው ሙያውን የተማረችው። ቢሆንም ለአንድ ዓመት ተኩል፣ ከኮምፒውተር ሬሳ መሀል ተቀምጠው የተጠበሰ የምግብ ሙዝ ከኦቾሎኒ ጋር እየበሉ፣ ዓለም ላይ የሚለያያቸው ነገር ያለ አይመስላቸውም ነበር።

ከዚያ የእህቱ ልጅ ስም የወጣለት ቀን መጣ። ኒያርኮ ነጭ ልብስ አስለብሶ ወሰዳት። እናቱ ማዳም አቺያ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና ለሠራተኞቹ፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ፣ «ኮምፒውተር ጠጋኟን ከጓሮ አብሏት» አሉ። በአራተኛው ቀን ሱቋ በር ስር ደብዳቤ አገኘች። በኮምፒውተር የተተየበ ነው፤ የኒያርኮ ስም አለው፣ ፊርማ የለውም። «ውድ አዪንፖካ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉዳዩን በጥሞና ከመረመርኩ በኋላ ግንኙነታችን በዚሁ ቢያበቃ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ...» ለተባረረ ተማሪ ወላጅ የሚላክ ደብዳቤ ይመስላል።

ያን ቀን ስታለቅስ ውላ፣ ማምሻውን አንድ ነገር አጽናናት። ይህ የእሱ አነጋገር አይደለም። ኒያርኮ በሕይወቱ «የከበረ ሰላምታ» ብሎ አያውቅም። እናቱ ናቸው የጻፉት፤ ለእሱም ስለ እሷ አንድ ውሸት ነግረውት ይሆናል። በኩራት የስልክ ቁጥሯን ቀየረች። እሱም አልመጣም። ሰባት ወር ያቆማት ያች እምነቷ ብቻ ነበረች።

አሁን ግን ፊቷ ቆሟል፤ ሰማንያ አራት ልጆች ደግሞ ምንም አልበደሏትም።

«ቦርሳዬን ያዝ» አለችው።

ታክሲ ውስጥ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ተቀመጡ። ትምህርት ቤቱ እስካለበት እስከ ባንታማ ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። በሹፌሩ መስታወት ውስጥ አይኖቻቸው አንዴ ሲገናኙ ግን ሁለቱም እንደተያዘ ሌባ ወደ መስኮት ዞሩ።

ማዳም አቺያን ቢሯቸው ውስጥ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንጠልጥለው፣ ጥቁሩን ስክሪን አፍጥጠው እያዩ አገኟቸው። አዪንፖካን ሲያዩ ተነሱ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ማዳም።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኩማሲ ውስጥ ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ሌላ ሰው አለ፣ እማዬ። ትናንት መጥቶ ነበር።»

ማዳም ኒያርኮን ፈተና ላይ ያለ ክፍል እንዲጠብቅ ላኩትና፣ ራሳቸው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

አዪንፖካ ቦርሳዋን ፈታች። «ከመጥፋቱ በፊት ምን ሆኖ ነበር?»

«መብራት ሄደ፣ መጣ፤ ሄደ፣ መጣ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው።»

«ማዳም፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ።» የሳጥኑን ክዳን አውልቃ ወደ ውስጥ ጠቆመች። «የልጆቹ ስም የሚቀመጠው እዚህች ውስጥ ነው፤ ሃርድ ዲስክ የምትባለው። ማዘርቦርዱ ሞቶ እንኳ ቢሆን ይህችን ነቅዬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እሰካታለሁ። እሷን ራሷን መብራቱ ካልመታት፣ የጠፋ ነገር የለም።»

ማዳም አቺያ ወንበራቸውን ሳያዩ ተቀመጡ። «ያ ሰውዬ ታዲያ ይህን ለምን አልነገረኝም?»

«አዲስ ኮምፒውተር ሊያስገዛዎ አስቦ ይሆናል።»

«ሌባ!» አሉ ማዳም፤ ቀለማቸውም ትንሽ ተመለሰ።

አዪንፖካ ስክሪኑን ከራሷ ላፕቶፕ ጋር አገናኘችው፤ ወዲያው በራ። ስክሪኑም ገመዱም ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ሕመሙ ሳጥኑ ውስጥ ነው። የአቧራውን ክምር በብሩሽ ስትገፋው፣ የደረቀ የግድግዳ እንሽላሊት ከማራገቢያው ስር ተንሸራቶ ማዳም እግር ላይ ወደቀ። ትልቋ ሴትዮ ጮኸው ወንበር ላይ ሊወጡ ምንም አልቀራቸው። አዪንፖካ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ እሳቸውም ለአንድ አፍታ ሳቁ፣ ከዚያ ከማን ጋር እንደሚስቁ ትዝ አላቸውና አቆሙ።

«የስልክዎን መብራት ይያዙልኝ። ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ወደ ቀኝ።»

ማዳም አቺያ እንደ ታዛዥ ተማሪ ከፍ አደረጉ፤ ወደ ቀኝም አሉ። ሁለቱ ሴቶች ራስ ለራስ ሊነካኩ ደረሱ።

አዪንፖካ ከቦርሳዋ የጥፍር ያህል ድምፅ ማጉያ አውጥታ ቦርዱ ላይ ሰካች። «እነዚህ ነገሮች ማየት ባይችሉም መጮህ ይችላሉ» አለች። ከዚያ ሁለቱን የራም፣ ማለትም የማስታወሻ ቁራጮች ነቅላ ኮምፒውተሩን አበራችው። ረጅም ጩኸት ተከታትሎ ተሰማ። ማዳም ደነገጡ።

«ጥሩ ነው፣ ማዳም! ራም ወሰድሽብኝ ብሎ ነው የጮኸው። የሞተ ቦርድ አይጮህም።»

አዪንፖካ ከጠረጴዛው ላይ ላጲስ አንስታ የራሙን ወርቃማ ጥርሶች ማሸት ጀመረች። ከሩቅ ልጆች የማባዣ ሠንጠረዥ በዜማ ይላሉ።

«ተቀይመሽኛል» አሉ ማዳም አቺያ በድንገት።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ማዳም።»

«እኛ ዘንድ ልጅ የእናቱ ወገን ነው። እናንተ ዘንድ የአባቱ። ኒያርኮ ካንቺ ቢወልድ እኛ ‹የእናቱ ነው› እንላለን፤ እናንተ ‹የአባቱ ነው› ትላላችሁ። ልጁ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሲሞት የሚቀብረው ወገን ያጣል። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነበር።»

አዪንፖካ ላጲሱን አቆመች። «ይህን ያኔ በዚህ ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ፣ እኔም ቁጭ ብዬ አብሬዎ አስብ ነበር። ሜዳ ላይ የቀረ ልጅ መቼም እናቱ ጓዳ መግባት አያቅተውም። እርስዎ ግን ‹ከጓሮ አብሏት› ነው ያሉት።»

«ብያለሁ» አሉ ማዳም። ድምፃቸው ወረደ። «በማግስቱ እኔንም ቆጭቶኛል። ግን ሽማግሌ ሰው ይቅርታ እንዴት ብሎ ይጀምራል?»

«ደብዳቤ መጻፍ ግን አላቃተዎትም።»

«የምን ደብዳቤ?»

«ማዳም፣ እባክዎ። የተተየበው። በእሱ ስም የላኩልኝ።»

ማዳም አቺያ መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩዋት። «ስሚ፣ ልጄ። እኔ ሰው መስደብ ስፈልግ ፊት ለፊት ነው የምሰድበው። ይህንን ደግሞ አንቺው አይተሻል። በሰው ስም ደብዳቤ የሚጽፍ ፈሪ ነው፤ እኔ ብዙ ጥፋት አለብኝ፣ ፈሪ ግን አይደለሁም።»

እውነት ነበር። አዪንፖካ ገና ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ እውነት መሆኑን አወቀች። የሰባት ወር መጽናኛዋ እንደ አቧራው ተራገፈ። ራሱ ነው የጻፈው። ያ «ፖካ» የሚላት አፍ፣ ያ ቁልፉን ራሱ የሚሰፋ እጅ። ራሙን አንስታ እንደገና ማሸት ጀመረች፤ ከነጻ ቆይቷል፣ እሷ ግን አላቆመችም። ማዳም አቺያ መብራቱን ከፊቷ ላይ አነሡና ወደ ግድግዳው አዞሩት። እንባዋን እንዳላዩ ለመሆን መሆኑን ስታውቅ፣ ያ ደግነት ከስድቡ ይልቅ አንጀቷን በላው።

ቀጥላ የኮምፒውተሩን ሰዓት የምታስኬደውን ትንሽ ባትሪ አውጥታ መለሰች፤ ራሙን ሰካች፤ አበራች። ስክሪኑ እንደጨለመ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ግን ቋንቋውን ቀየረ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

«ምን አለ?» አሉ ማዳም በሹክሹክታ፣ የታማሚ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ።

«ራሙን ተቀብሏል። አሁን የሚከስሰው የስክሪኑን ካርድ ነው።» ብሎኑን በካቻቢቴ ፈትታ ካርዱን መዝዛ አወጣችው። «እነዚህን ያበጡ ክፍሎች አዩ? መብራቱ ያቃጠለው ይህንን ነው። ቦርዱ የራሱ የምስል ማውጫ አለው፤ ያለዚህም ማሳየት ይችላል።»

ገመዱን ቦርዱ ላይ ሰክታ ጣቷን ማብሪያው ላይ አኖረች። ማዳም አቺያ አይናቸውን ጨፈኑ።

ስክሪኑ ብልጭ አለ። ጽሑፍ መጣ፤ ቀኑ ጠፍቶኛል፣ አስራ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ነኝ አለ። አዪንፖካ ቀኑን አስተካከለችለት። ከዚያ ለረጅም ደቂቃ አንዲት ክብ ነገር ስትዞር፣ ስትዞር ቆየች፤ ሃርድ ዲስኳ ትንሽ አንኳኳች፤ የትምህርት ቤቱ ሰማያዊ ዓርማም ብቅ አለ። ማዳም መዝገቡን ከፍተው በጣታቸው ስክሪኑን እየነኩ ስም መጥራት ጀመሩ፤ አንዱን ልጅ ሲዘሉ እየተመለሱ። ሰማንያ አራተኛው ላይ ሲደርሱ «ኢየሱስ ጌታዬ!» ብለው በሁለት እጃቸው የአዪንፖካን ፊት ያዙ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ፊቷን እንዲህ የያዘው ሰው አልነበረም።

ጩኸቱን ሰምቶ ኒያርኮ እየሮጠ ገባ። የበራውን ስክሪን አየ፤ እናቱን አየ፤ አዪንፖካን ሲያይ ፈገግታው ከሰመ።

«ደብዳቤውን የጻፈው ማነው?» አለችው።

እናቱን ቀና ብሎ አየ። እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረዋል።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ሰባት ወር ሙሉ አኩርፈኸኝ ስትኖር» አሉ ማዳም አቺያ፣ «እኔ ደግሞ ልጅቷ በእኔ ምክንያት ትታው ሄደች ብዬ ስጸጸት! ለካ አንተው ነህ የሸሸኸው?» አንድ የጥያቄ ወረቀት ጥቅል አንስተው ትከሻውን መቱት። «አሁን እኔ የሰማንያ አራት ልጆች ጉዳይ አለብኝ። እናንተ ሁለት ብቻ ናችሁ። ውጡልኝ!»

ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ስር ቆሙ። ሁለቱም የት እንደሚያዩ ግራ ገባቸው።

«ያን ቀን ከጓሮ አየሁሽ» አለ። «ሳህንሽን ይዘሽ ከሠራተኞቹ ጋር ትስቂ ነበር። ትከሻሽ ግን እያለቀሰ ነበር፣ ፖካ። ይህችን ሴት ካገባኋት ዕድሜዋን ሙሉ በጓሮ በር ልትገባ ነው አልኩ። ብለቃት ይሻላታል አልኩ።»

«በየትኛው በር እንደምገባ ጠየቅኸኝ?»

«አልጠየቅሁሽም።»

«ስድቡን ተሸክሜው ነበር፣ ኒያርኮ! በማግስቱ ትመጣለህ፣ አብረን እንሳደባለን፣ አብረን እንስቃለን ብዬ ስጠብቅህ ነበር። እናትህ አንድ ቀን አዋረዱኝ። አንተ ግን ሰባት ወር።» ጣቷን ወደ እጁ ቀሰረች። «በእጅህ እንኳ አልጻፍከውም። አንድ የእጅህ ደብዳቤ እንኳ አይገባኝም ነበር?»

ኒያርኮ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው።

«በእጄ አስራ አንድ ጊዜ ጀምሬዋለሁ። በእጄ ስጽፈው ሁልጊዜ ‹እወድሻለሁ› እያለ ይወጣብኛል። እጄ አልታዘዝ አለኝ። በመጨረሻ የወላጆችን ደብዳቤ ገልብጬ ስምሽን አስገባሁበት። በአንቺ ሱቅ በኩል በየቀኑ ነው የማልፈው። በማዶኛው መንገድ። ዛሬ ይህ ኮምፒውተር ባይበላሽ ኖሮ...» አልጨረሰውም።

አዪንፖካ ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣዋን ስትፈልገው አጣችው። በማዶኛው መንገድ እየተደበቀ የሚያልፍ የሒሳብ መምህር ብቻ ታያት። ሳቅና ለቅሶ ተጋፍተው ባንድነት መጡባት።

«ሞኝ!» አለችው። «ሞኝ፣ ሞኝ ሰው! እኔ ደግሞ ምስኪኗን ሴትዮ በማታውቀው ኃጢአት ስረግማት ከረምኩ።»

እጁን ዘረጋ። አልያዘችውም፤ አልገፋችውምም።

«አይደለም» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «እንዲህ በቀላሉ አይሆንም። ከአሁን በኋላ ሱቄ በር ላይ ቆመህ አታወራኝም። አባቴ ቦልጋ ናቸው። የእናትህን ወንድም ይዘህ፣ የኮላ ፍሬ ይዘህ፣ ጅግራ ይዘህ እንደ ሰው ደጅ ትጠናለህ። ዳኛው እሳቸው ናቸው። አንዴ ቢመልሱህ ሁለተኛ ትሄዳለህ። ምናልባትም ሦስተኛ።»

«አስራ አንድ ጊዜም ቢሆን» አለ ኒያርኮ።

ከቢሮው መስኮት የማዳም አቺያ ድምፅ መጣ። «ሰማንያ አራቱም ገቡ! ... ቦልጋ በአውቶብስ ስንት ሰዓት ነው?»

ሁለቱም ደንግጠው ዞሩ። «አስር ሰዓት ያህል ነው፣ ማዳም» አለች አዪንፖካ።

«ወገቤን! ኒያርኮ፣ የፊት ወንበር ያዝልኝ። አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ስድብ ይችላሉ?»

«በደንብ ይችላሉ፣ ማዳም።»

«ስድቡ ይገባኛል» አሉ ማዳም አቺያ፤ መስኮቱንም ዘጉ።

ኒያርኮ ቦርሳዋን እስከ መንገድ ተሸክሞ ሸኛት። ወደ ሱቋ ሰፈር፣ ወደ አሳፎ የሚሄድ፣ ትሮትሮ የሚሉት ሚኒባስ ሲቆም ቦርሳውን አቀበላት፤ ጣቶቻቸው ማንጠልጠያው ላይ ተገናኙና፣ ረዳቱ «እመቤቴ፣ ትገቢያለሽ ወይስ ትጋቢያለሽ?» እስኪል ድረስ አልተላቀቁም። መኪናው በሳቅ ሞላ። እሷ ገብታ ከአንዲት የቲማቲም ቅርጫት ካቀፉ እናት ጎን ተቀመጠች፤ ወደ ኋላም አልዞረችም፤ ብትዞር ትወርዳለች።

ትሮትሮው ገና ከመዞሩ የያዘችው ሁሉ ተለቀቀ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰች። አጠገቧ ያሉት እናት ቅርጫታቸውን በአንድ እጅ ደግፈው በሌላው ጀርባዋን ያሻሹላት ጀመር።

«አይዞሽ፣ ልጄ። አይዞሽ። ማን ሞቶብሽ ነው?»

አዪንፖካ ፊቷን ገለጠች። እያለቀሰች መሆኗ ለራሷም ገረማት፤ ጉንጮቿ ከሳቁ የተነሳ አመዋት ነበርና።

«ማንም አልሞተም፣ እማማ» አለች። «አባቴ ደጅ ሰው ሊመጣ ነው።»